የሜዳ ተመልካችን የሚያበዛውና የሚያሳሳው ምንድን ነው? የመግቢያ ዋጋስ እንዴት ይተመን?

ጠያቂያችን በአንድ የከተማ እግር ኳስ ክለብ የደጋፊዎች ማህበር ኮሚቴ ውስጥ እንደሚያገለግሉ ገልጸው፣ ወደ ሜዳቸው የሚመጣው ተመልካች ከዓመት ዓመት እየሳሳ መሄዱን፣ ኮሚቴውም በሁለት ሐሳብ መከፈሉን ጽፈዋል። ግማሹ የመግቢያ ዋጋ ይቀነስና ሜዳው ይሙላ ይላል፤ ግማሹ ደግሞ ለሚመጣው ጥቂት ሰው ዋጋ ጨምረን ጉድለቱን እንሸፍን ይላል። እኔ በአዲስ አበባ በአንድ ክለብ የደጋፊዎች ማህበር ውስጥ በትኬት ሥራ ላይ ለብዙ ዓመታት ስላገለገልሁ፣ ከዚያ የተረዳሁትን በዝርዝር ላቅርብ። ከወዲሁ አቋሜን ለመናገር፣ ሁለቱም ወገኖች ለትኬት ዋጋ ከሚገባው በላይ ቦታ ሰጥተውታል ብዬ አምናለሁ። ተመልካች ሜዳ ለመምጣት የሚከፍለው ትኬቱ ላይ ከተጻፈው ቁጥር እጅግ ይበልጣል፤ በአብዛኛው ሰውን ቤቱ የሚያስቀረውም ያ ያልተጻፈው ወጪ ነው።

ይህን ለመረዳት የራሳችንን የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የቅርብ ዓመታት ታሪክ ማየት ይበቃል። የ2012 ዓ.ም. ውድድር በኮሮና ምክንያት ከተሰረዘ በኋላ፣ የ2013ቱ የውድድር ዘመን ክለቦችን በአንድ ከተማ በማሰባሰብ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ በተራ ተካሄደ። አሠራሩ ለወረርሽኙ ጊዜ የተገባ ነበር፤ የቴሌቪዥን ስርጭቱን ለመምራትም አመቺ ሆኖ ተገኘ። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ግን ቀጠለ፣ አዳማ፣ ሐዋሳና ድሬዳዋም ለረጅም ጊዜ የሊጉ ማረፊያዎች ሆኑ። የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ሲዘጋ ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ የክለቡን ጨዋታ ለማየት ወደ አዳማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ ሐዋሳም ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ግድ ሆነበት። እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የመግቢያው ዋጋ 50 ብር ነው እንበል፤ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱ፣ ምግቡና ከሥራ በመቅረቱ ያጣው የቀን ገቢ ተደምሮ 1,000 ብር ይሁን። የመግቢያውን ዋጋ በግማሽ ብንቀንስለት ከጠቅላላ ወጪው የሚቃለልለት ከመቶ ሁለት ከግማሽ እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለውን ደጋፊ በዋጋ ቅናሽ እንመልሰዋለን ብሎ ማሰብ በሽታው ሌላ፣ መድኃኒቱ ሌላ እንደማለት ነው። ጨዋታው ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ወይም የጋራ መጓጓዣ ሲዘጋጅለት ግን የወጪው ትልቁ ክፍል ይወርድለታል።

ከርቀት ቀጥሎ ቀንና ሰዓት ይመጣል። በረቡዕ ከቀኑ 9 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ ተማሪውን፣ የመንግሥት ሠራተኛውንና የሱቅ ተቀጣሪውን በአንድ ጊዜ ይከለክላል፤ ለዚያ ጨዋታ መግቢያው በነፃ ቢሆን እንኳ እነዚህ ሰዎች መምጣት አይችሉም። ቅዳሜ ደግሞ ሌላ ተፎካካሪ አለ። እንግሊዞች ሰዓታቸውን ወደ ኋላ በሚመልሱባቸው ወራት፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት ማለት ነው፣ የቅዳሜው የመጀመሪያ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታቸው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል፣ ዋናዎቹ ደግሞ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ይጀምራሉ። በ9 ወይም በ12 ሰዓት የምናካሂደው የአገር ውስጥ ጨዋታ በየሰፈሩ ካለው የዲኤስቲቪ ቤት ጋር ፊት ለፊት ይጋጠማል። እዚያ ወጣቱ በጥቂት ብር፣ ከዝናብና ከፀሐይ ተጠልሎ፣ ከጓደኞቹ ጋር አርሰናልን ወይም ማንቸስተር ዩናይትድን ያያል። ወጣቱ የአገሩን ክለብ ስለናቀ ነው የሚሉትን አልቀበልም፤ የሰዓት ምርጫው የእኛ ነበርና። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከምሳ በኋላ የሚደረግ ጨዋታ በእኔ ልምድ ከየትኛውም የዋጋ ቅናሽ የተሻለ ሰው ያመጣል።

ስለ ተጋጣሚ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ሸገር ደርቢ፣ ማለትም የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና ጨዋታ፣ ሲኖር ስታዲየሙ ጨዋታው ከመጀመሩ ብዙ ሰዓት አስቀድሞ ይሞላል፤ ዋጋው ምንም ቢሆን ትኬት ፈላጊው አይቀንስም። ሁሉም ጨዋታ ደርቢ ሊሆን ስለማይችል ግን ዓመቱን የሚወስነው በተራው ጨዋታ ቀን የሚመጣው ሰው ብዛት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሌላው ሐሳብ ቡድኑ ካሸነፈ ሰው ይመጣል የሚለው ነው። እውነትነት አለው፤ ሆኖም ብቻውን አይቆምም። በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ መድን ሊጉን አሸንፈዋል። ሁለቱም በሜዳ ላይ ሥራቸውን በአግባቡ ሠርተው ዋንጫ የወሰዱ፣ ክብር የሚገባቸው ክለቦች ናቸው፤ ነገር ግን የተቋም ክለቦች እንደመሆናቸው መጠን የእኔ ክለብ ነው የሚል ሰፊ የሰፈር ወይም የከተማ ሕዝብ ከኋላቸው የለም። በአንጻሩ ኢትዮጵያ ቡና የሊጉን ዋንጫ ያነሳው በ2003 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዋንጫ አልባ ዓመታት ሁሉ ደጋፊው አልተበተነም። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ሻምፒዮን ከመሆኑ አስቀድሞም ጎንደር ላይ በደጋፊው የታወቀ ክለብ ነበር። ውጤት የሚጨምረው ቀድሞ ሥር ባለው ድጋፍ ላይ ነው። ሲሞን ሮተንበርግ የተባለው አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1956 እ.ኤ.አ. ስለ ቤዝቦል ሲጽፍ፣ ተመልካችን የሚስበው የውጤቱ አስቀድሞ አለመታወቅ መሆኑን አንሥቶ ነበር። ሐሳቡ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ እኔ ግን በእኛ ሜዳ ያየሁት ደጋፊ በአብዛኛው የሚመጣው የራሱ ቡድን ሲያሸንፍ ለማየት እንጂ የተመጣጠነ ፉክክር ለመታዘብ አይደለም። በውድድር ዘመኑ መጨረሻ ላይ ግን ለዋንጫም ሆነ ወደ ታችኛው ሊግ ላለመውረድ የሚፎካከርበት ነገር የሌለው ቡድን ሜዳው ባዶ ይሆናል፤ በዚህ ሮተንበርግ ልክ ነበር።

አሁን ወደ ዋጋው ልመለስ። ዋጋ እንጨምር የሚለው ወገን ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለት አልችልም። በተለያዩ አገሮች በእግር ኳስ ትኬት ላይ የተደረጉ ጥናቶች አብዛኞቹ የሚያሳዩት፣ ዋጋ ከመቶ አሥር ቢጨምር የተመልካቹ ቁጥር ከመቶ አሥር ባነሰ መጠን እንደሚቀንስ ነው። ስለዚህ የዛሬው የበር ገቢ በጭማሪ ሊያድግ ይችላል። ታዲያ ብዙ ክለቦች ለምን እስከሚችሉት ድረስ አይጨምሩም? ምክንያቱም ሜዳ የገባ ሰው ከትኬቱ ሌላ ይዞት የሚመጣው ነገር አለ። ማልያና ስካርፍ ይገዛል፣ ስፖንሰር የሚፈልገውን ድምፅና ብዛት ይሰጣል፣ ጨዋታውን በቴሌቪዥን ለሚያየውም ውድድሩን ሕያው ያደርገዋል። ባዶ መቀመጫ በስክሪን ላይ ሲታይ ለማስታወቂያ ሰጪ ምን እንደሚነግረው መገመት አያዳግትም፤ በተለይ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከገደበ ወዲህ፣ በቢራ ፋብሪካዎች ላይ ተደግፈው የነበሩ ክለቦቻችን አዲስ ስፖንሰር ለማሳመን ያላቸው ዋና ማስረጃ ተመልካቻቸው ነው። በዋጋ ጭማሪ መጀመሪያ የሚቀረው ደግሞ ወጣቱ ነው፤ እርሱ በአሥራ አምስት ዓመቱ ሜዳ መምጣት ካልለመደ፣ በሠላሳ ዓመቱ ደመወዝተኛ ሲሆን ከነልጁ የሚመጣ ደጋፊ አይሆንም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. ሊቨርፑል ለአንዳንድ መቀመጫዎች 77 ፓውንድ ለማስከፈል ባቀደ ጊዜ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ደጋፊዎች በ77ኛው ደቂቃ ሜዳውን ጥለው ወጡ፤ ባለቤቶቹም ዕቅዱን ሰረዙት። በዚያው ዓመት የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች ለተጓዥ ደጋፊ የሚሸጠው ትኬት ከ30 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተስማሙ፤ ሐሳባቸው እኔ ከላይ እንዳነሣሁት ነው፣ የተጓዡ ደጋፊ ትልቁ ወጪ ጉዞው በመሆኑ። በጀርመን ዶርትሙንድ ደግሞ ደቡባዊው የተመልካች ክፍል (ትሪቡን) 25,000 ያህል ሰው ቆሞ የሚደግፍበት ነው፤ የቆመው ሰው ከተቀመጠው በጣም ያነሰ ይከፍላል፣ የስታዲየሙም ስምና ዝና የተገነባው በእርሱ ላይ ነው። የወንበሩ ዋጋ ከፍ ያለበት ምክንያት በከፊል እነዚያ ቆመው የሚዘምሩት ሰዎች ናቸው።

የአዲስ አበባ ስታዲየም ይህን ጥበብ በራሱ መንገድ ያውቀው ነበር። ጥላ ፎቅ፣ ካታንጋ፣ ከማን አንሼ፣ ዳፍ ትራክ፣ ሚስማር ተራ የሚባሉ የተመልካች ክፍሎች ነበሩት፤ እያንዳንዱ የራሱ ዋጋ፣ የራሱ ሰውና የራሱ ጠባይ ነበረው። ከዝናብ መጠለል የፈለገ ጥላ ፎቅ ከፍ ያለውን ዋጋ ከፍሎ ይገባል፤ ኪሱ የሳሳ ወጣት ሚስማር ተራ ይገባል፤ ማንም ግን ከውጭ አይቀርም። ስለዚህ ጠያቂያችን በአንድ ዋጋ መቀነስና መጨመር ላይ ከሚከራከሩ ይልቅ፣ በሜዳቸው ያሉትን ክፍሎች በዋጋ መለየታቸውን ቢያረጋግጡ እመክራለሁ። ርካሹ ክፍል እውነተኛ ርካሽ ይሁን፣ ዓመቱን ሙሉም አይለወጥ። ጭማሪ ካስፈለገ ጥላ ባለው ክፍል ላይ፣ ያውም የውድድር ዘመኑ ሲጀመር አንድ ጊዜ ብቻ ይደረግ። ለታላላቅ ጨዋታዎች ዋጋ ከፍ ማድረግ በብዙ አገር የተለመደ ነው፤ እኔም አልቃወመውም፣ ነገር ግን አስቀድሞ በመርሃ ግብሩ ላይ ይጻፍ። በጨዋታው ቀን ጠዋት ዋጋ ተጨምሯል ተብሎ የተነገረው ደጋፊ በዚያ ቀን ከፍሎ ይገባል፤ ቅሬታውን ግን ይዞ ይቆያል፣ የሚቀጥለውን ተራ ጨዋታም ይቀራል።

ነፃ መግቢያን በተመለከተ ጠንቃቃ መሆን ያስፈልጋል። ለሕፃናትና ለተማሪዎች በተወሰነ ክፍል ነፃ ማድረግ መልካም ነው። ለሁሉም በነፃ በተከፈተ ሜዳ ግን ከዚያ በኋላ ማስከፈል ከባድ ነው፤ ከፍሎ የገባው አባል ራሱን እንደተሞኘ ይቆጥራል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በልቤ የሚከብደኝ በር ላይ የሚሆነው ነገር ነው። ትኬት የሚሸጠው መስኮት ጨዋታው ሊጀመር ሲቃረብ ይከፈታል፣ ከሁለት መስኮት አንዱ ብቻ ይሠራል፣ ሰልፉ ይተራመሳል፣ ጥበቃዎች ሰዉን በዱላ ያስተካክላሉ፤ በጎን ደግሞ በሰው በሰው የሚገባው ያለ ትኬት ያልፋል። ፎርጅድ ትኬት የገዛ ሰው ከበሩ ይመለሳል፣ ገንዘቡን የሚመልስለት የለም። ከፍሎ እንዲህ የተንገላታ ሰው ዋጋው ስለረከሰለት ብቻ ለሌላ ጊዜ አይመጣም። እኔ ባገለገልሁባቸው ዓመታት ከፍተኛ ለውጥ ያመጣልን ዋጋ መቀነስ አልነበረም፤ ትኬቱን ከጨዋታው አንድና ሁለት ቀን አስቀድሞ በማህበሩ ቢሮና በታመኑ ሱቆች መሸጥ፣ የአባላትን መግቢያ በር ከሌላው መለየት ነበር። ዛሬ በቴሌብር መክፈል በተለመደበት ጊዜ ይህ ሥራ ከእኛ ዘመን እጅግ ቀላል ነው፤ የሚገባውን ሰው ቁጥር በትክክል ለማወቅም ይረዳል። በአብዛኛው ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት ድርጅት በሚመደብ በጀት የሚተዳደሩ ክለቦቻችን የበሩን ገቢ ችላ ማለታቸው ለዚህ ሁሉ ቸልተኝነት ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ደመወዝ ከሌላ ቦታ ሲመጣ የመስኮቱ ሰልፍ የማንም ጉዳይ አይሆንም።

ደኅንነትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በተለያዩ ከተሞች በደጋፊዎች መካከል የተፈጠሩት ግጭቶች ብዙ ሴቶችንና ልጆቻቸውን ይዘው ይመጡ የነበሩ አባቶችን ከሜዳ አስቀርተዋል። አንድ ጊዜ የፈራ ቤተሰብ በቀላሉ አይመለስም። ለቤተሰብ የተለየ ክፍል፣ ንጹሕ መፀዳጃ ቤት፣ ጨዋታው ሲያልቅ በሰላም የሚያስወጣ በር ማዘጋጀት ወጪ ይጠይቃል፤ ነገር ግን ከዚያ የሚመጣው ተመልካች ትኬቱን ከነልጆቹ የሚገዛ ነው።

ለኮሚቴው የምመክረው ይህን ነው። በዋጋው ላይ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት በአንድ ዙር ጨዋታዎች ሁሉ በየበሩ ከፍሎ የገባውንና ያለ ክፍያ የገባውን ሰው በክፍል በክፍል ቁጠሩ፤ ከጎኑም ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ተጋጣሚውን፣ የአየሩን ሁኔታና በሊጉ ላይ የነበራችሁን ደረጃ ጻፉ። ጨዋታው ወደ ሌላ ቀን ተዛውሮ ከሆነ ለውጡ ለሕዝብ የተነገረው መቼ እንደሆነም ይመዝገብ። በሜዳ ላይ ያሉትን ብቻ ሳይሆን መምጣት ያቆሙትን አባላት ስልክ ደውላችሁ ለምን እንደቀሩ ጠይቁ። መዝገቡ ሲሞላ ጠያቂያችን ይዘውት ቢመለሱ፣ የትኛው ክፍል በምን ዋጋ መሸጥ እንዳለበት አብረን ቁጥሩ ላይ ተቀምጠን ለመሥራት ፈቃደኛ ነኝ።