«ራዳሩ ነው» ተብሎ ፓርኪንግ ሴንሰር ለተቀየረለት ወንድማችን

የጻፍክልኝ ባጭሩ እንዲ ነው፤ 2019 ቶዮታ ራቭ4፣ አፍንጫው ላይ ትንሽ ተገጭቶ ተሠርቶ ከወጣ ጀምሮ ዳሽቦርዱ ላይ የፊት ራዳር ማስጠንቀቂያ አልጠፋ አለ፣ ክሩዝ ኮንትሮሉም (ፍጥነቱን ራሱ የሚይዘው) እምቢ አለ፣ አንዱ ጋ ወስደኸው «ራዳሩ ነው» ብሎ ባምፐሩ ላይ ያሉትን አራት ክብ ክብ ሴንሰሮች ቀይሮ ብሩን ተቀብሎ ሸኘህ፣ መብራቱ ግን እዛው ነው። ለመሆኑ ራዳር ማለት ምንድነው ብለሃል።

እኔ ፎቶውን እንዳየሁ የጠረጠርኩት ግሪሉ (የፊት ፍርግርጉ) መሃል ያለውን አርማ ነው። በጣት ስትዳስሰው ጎርበጥ የሚል፣ የሚያብለጨልጭ ኒኬል ቅብ። የዚህ መኪና ኦሪጅናል አርማ ፊቱ እንደ መስታወት ለጥ ያለ ነው፣ ቅርጹ ከውስጥ ነው የሚታየው፣ ምክንያቱም ራዳሩ ከጀርባው ነው የተቀመጠው። የሠሩልህ ሰዎች በርካሽ ተክተውልሃል።

አሁን ስሙ ላይ ትንሽ ታገሰኝ። ራዳር የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ነው፣ ሲፈታ «በሬድዮ ማግኘትና ርቀት መለካት» እንደማለት። ስሙን ያወጡት የአሜሪካ ባህር ኃይል ሰዎች ናቸው፣ በ1940 እ.ኤ.አ.። እንግሊዞቹ በ1935 እዛው አገራቸው ዳቨንትሪ አካባቢ በቢቢሲ ማሰራጫ ሞገድ አውሮፕላን ሲያገኙ ለዘዴው ሌላ ስም ነበራቸው፣ ራዳር ማለት የጀመሩት በ1943 ነው። ከሁሉም በፊት ደግሞ በ1904 ጀርመናዊው ሁልስማየር ኮሎኝ ላይ በሬድዮ ሞገድ መርከብ ለይቶ አሳይቷል፣ መሣሪያው ርቀት ስለማይለካ ግን ግማሽ ራዳር በለው። ቃሉ በላቲን ፊደል ከየትም በኩል ብታነበው ያው ነው፣ ሄዶ እንደሚመለሰው ሞገድ (በኛ ፊደል ግን «ርዳራ» ሆኖ ይበላሻል)። ይሄን ሁሉ የማወራው «ሬድዮ» የምትለዋን እንድትይዝ ነው። ፓርኪንግ ሴንሰር ሬድዮ የለውም፣ በጆሮ በማይሰማ ድምፅ ነው የሚሠራው፣ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ሬድዮ 300,000 ኪሎ ሜትር፤ ሻጩ ሁሉንም ራዳር ስለሚለው ነው ገንዘብህ የተበላው። ያንተ ራዳር በ77 ጊጋኸርዝ ነው የሚሠራው፣ ሞገዱ 4 ሚሊሜትር አይሞላም፣ ፕላስቲክ ያሳልፈዋል፣ ብረት ይመልሰዋል። ኒኬል ስትለጥፍበት አፍንጫው ላይ ግድግዳ ገተርክበት ማለት ነው።

ወደ ሥራው። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታና ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ፣ እዛ አካባቢ የኤርባግ ሴንሰር አለ። አርማውን አውልቅና ራዳሩን እየው፦ ሶኬቱ ውስጥ ውሃ ወይ ዝገት ካለ አጽዳ፣ መያዣው ተጣሞ ወይ በሲሊኮን ተለጥፎ ከሆነ (አይቻለሁ፣ ባይኔ፣ ሲሊኮን!) መያዣውን ቀይር እንጂ በፒንሳ አታቃና። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመህ ውሃ ልክ አስደግፍበት፤ 1 ዲግሪ ከተዛባ 100 ሜትር ላይ ወደ 1.75 ሜትር ይስታል፣ ያ ማለት የሌላ ረድፍ መኪና ያያል። ኦሪጅናል አርማ ያገለገለም ቢሆን ፈልግ፣ ከአዲስ ፌክ ይሻላል፣ ላዩ ላይ ቀለምም ስቲከርም አይነካውም። ከዛ በስካነርና በሪፍሌክተር (ሞገዱን በሚመልስ ዒላማ) ካሊብሬት የሚያደርግ፣ ማለትም የራዳሩን አቅጣጫ የሚያስተካክል ሰው ጋ ውሰደው፣ የብልሽት ኮድ ብቻ አጥፍቶ «አለቀ» የሚልህን ተወው።

እና እባክህ ራዳሩ ከፊት ያለውን አይቶ ፍሬኑ በራሱ ይይዝ እንደሆነ ለማየት ሰው ፊቱ አቁመህ አትሞክር። ወንድምህንም፣ ጋራዡ ልጅንም፣ «ቀስ ብዬ ነው» ብለህም። ከተሠራ በኋላም ቢሆን አትሞክር፤ መብራቱ መጥፋቱን እይ፣ ክሩዙ ከፊትህ ያለውን መኪና መያዙን ክፍት አስፋልት ላይ እግርህን ፍሬን ላይ አዘጋጅተህ እይ፣ ይበቃል።

የድሮዎቹን አራት ሴንሰሮች ሰውየው ካልጣላቸው ግን ሄደህ ተቀበለው፣ ደህና ነበሩ።