መልስ፦ እ.ኤ.አ. የ2020 የፔንስልቬንያ ውጤት ከምርጫው ሌሊት በኋላ ለምን ተገለበጠ?

ጠያቂያችን፣ በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ በፔንስልቬንያ ግዛት ትራምፕ ከ600 ሺህ ድምፅ በላይ እየመሩ አድረው እንዴት ባይደን አሸነፉ ላልከው፣ ምክንያቱ የቆጠራው ቅደም ተከተል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የግዛቱ ሕግ ማንም መራጭ ምክንያት ሳያቀርብ በፖስታ እንዲመርጥ ፈቀደ። ነገር ግን ፖስታዎቹ ከምርጫው ዕለት፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት እንዲከፈቱ አልፈቀደም። የመጣው ደግሞ 2.6 ሚሊዮን ገደማ ነው! እያንዳንዱ ሁለት ፖስታ አለው፤ የውጪው ላይ የመራጩ ፊርማ ይታያል፣ ከዚያ ስም የሌለበት የውስጡ ይከፈታል፣ ወረቀቱ ተዘርግቶ ማሽን ውስጥ ይገባል። የውስጡ ፖስታ ከሌለ ድምፁ ውድቅ ነው። አንዳንድ ካውንቲዎች (የግዛቱ አውራጃዎች) ይህን ሥራ የጀመሩት በማግስቱ ነበር። ሌላዋ ግዛት ፍሎሪዳ ግን ከሳምንታት በፊት ስለምትጀምር ውጤቷ በዚያው ሌሊት ታወቀ።

ትራምፕ ደጋፊዎቻቸው በአካል እንዲመርጡ ይገፋፉ ስለነበር በፖስታ ከመጣው ሦስት አራተኛ ያህሉ የባይደን ሆነ። ልዩነቱ ከማክሰኞው ምርጫ በኋላ ቀስ በቀስ ጠቦ ዓርብ ጠዋት ተገለበጠ።

የጸደቀው ውጤት ባይደን 3,458,229፣ ትራምፕ 3,377,674 ነው። ግዛቱ ፕሬዚዳንቱን በሚመርጠው የመራጭ ጉባኤ የነበረው ሃያ ድምፅም በሙሉ ለባይደን ሄደ። ሌሊት የምታየውን አኃዝ ከማመንህ በፊት የፖስታው ድምፅ መቆጠሩን አጣራ፤ ሕጉ እስካልተለወጠ ድረስ ይኸው ሊደገም ይችላል።