የዲኤስኤሉ መብራት በርቶ ኢንተርኔቱ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ ዲኤስኤል የተባለውን በስልክ መስመር የሚመጣ ኢንተርኔት እጠቀማለሁ። ሞደሙን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ከመለስኩት ወዲህ የዲኤስኤሉ መብራት ሳይቆራረጥ ቢበራም የኢንተርኔቱ ቀይ ሆኖ ቀርቷል። የዋይፋዩን የይለፍ ቃል መቀየርም አልረዳኝም። ሽቦው የተዘረጋው ለእኔ ቤት ብቻ ከሆነ ማንነቴ እንደገና የሚጠየቀው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የዲኤስኤሉ መብራት የሚያረጋግጠው ሞደምዎ ከሽቦው ማዶ ካለው መሣሪያ ጋር መገናኘቱን ብቻ ነው፤ ማንነትዎ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሞደሙ በ1999 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው ፒፒፒኦኢ በተባለው የመሣሪያዎች መግባቢያ ደንብ አማካይነት አስተናጋጅ ፍለጋ ጥሪ ያሰማል፤ የኢንተርኔት አቅራቢው መሣሪያ ምላሽ ሰጥቶ ለግንኙነቱ መለያ ቁጥር ከመደበ በኋላ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። የተቀበለውንም ራሱ አይመረምርም፤ የደንበኞች መዝገብ ወዳለበት ራዲየስ ወደሚባል ሰርቨር ይልከዋል። ሰርቨሩም ሒሳቡ መኖሩንና አለመታገዱን አይቶ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል፤ ሲፈቅድ የሚሰጠውን ፍጥነት ጭምር ሊወስን ይችላል።

የይለፍ ቃሉ የሚቀርብበት መንገድም ሁለት ዓይነት ነው። ፓፕ የተባለው አሮጌው ዘዴ ቃሉን እንዳለ ይልከዋል። ቻፕ ግን ቃሉን በመስመሩ ላይ ጨርሶ አያሳልፍም፦ አቅራቢው በየጊዜው የሚለዋወጥ እንቆቅልሽ ይልካል፣ ሞደሙም እንቆቅልሹን ከይለፍ ቃሉ ጋር አዋህዶ ያሰላውን ውጤት ብቻ ይመልሳል፤ በእኔ እምነት ምርጫ ካለ መመረጥ ያለበት ይኸኛው ነው።

ጥርጣሬዎ ግን ተገቢ ነው። ይህ ልማድ የተወረሰው ማንም ሰው ከየትኛውም ስልክ ደውሎ ኢንተርኔት ይገባበት ከነበረው ዘመን ነው፤ ያኔ ደዋዩን ከስሙ ውጭ በሌላ መለየት አስቸጋሪ ነበር። ዛሬ ደንበኛውን ሽቦው በተሰካበት ወደብ ብቻ የሚለዩ አቅራቢዎች አሉ። ሆኖም በአንድ መስመር መረብ ላይ ብዙ አቅራቢዎች ሲሠሩ፣ ከስሙ ቀጥሎ የሚጻፈው የአቅራቢው መጠሪያ ጥያቄው ወደ ማን እንደሚሄድ ስለሚጠቁም ስሙ አሁንም ጥቅም አለው።

በእርስዎ ሞደም ላይ የደረሰው፣ ቅንብሩ ሲመለስ ስሙና የይለፍ ቃሉ አብረው መጥፋታቸው ሳይሆን አይቀርም። የዋይፋዩ ቃል የሚያገለግለው በሞደሙና በቤትዎ መሣሪያዎች መካከል ብቻ ስለሆነ ከዚህ ጋር አይገናኝም። ከአቅራቢዎ የተሰጠዎትን ስም፣ መጠሪያውን ሳያስቀሩ፣ ከይለፍ ቃሉ ጋር በሞደሙ የቅንብር ገጽ ላይ ይሙሉ፤ አገልግሎቱ ኤዲኤስኤል የተባለው የዲኤስኤል ዓይነት ከሆነ ግንኙነቱ በመስመሩ ላይ የሚሄድበትን መንገድ የሚለዩት ቪፒአይና ቪሲአይ የተባሉት ሁለት ቁጥሮችም አቅራቢዎ ከሚሰጠው ጋር መመሳሰላቸውን ይመልከቱ። ትክክለኛውን ሞልተው ወዲያው ከተከለከሉ፣ የቀድሞው ግንኙነት በአቅራቢው በኩል ገና አልተዘጋ ይሆናልና ሞደሙን አጥፍተው ጥቂት ደቂቃ ይቆዩ።