ኦብጀክታችሁ ለየትኛው ጥሪ አቤት ይላል?

ውድ ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ ፐርል በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አትጽፉም። እኔ ግን ከሃያ ዓመት በላይ እንጀራዬን የበላሁት በእርሱ ነው፤ ስለ ስም አያያዝ የማውቀውንም ያስተማረኝ እርሱ ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ። ፓይተንና ጃቫስክሪፕት የምትጽፉትም ታገሱኝ፤ ነገሩ እናንተ ደጃፍም ይደርሳል።

በአንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ ደረሰኝ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ነበረን። ኦብጀክቶች የሚሠሩበት ንድፍ ክላስ ይባላል፤ ኦብጀክቱ በስም ሲጠራ የሚሠራው ሥራ ደግሞ ሜተድ። ወላጁ ክላስ የደረሰኙን ጠቅላላ ዋጋ የሚመልስ ሜተድ ነበረው፤ ስሙ በእንግሊዝኛ ድምር ማለት ስለሆነ እዚህ «ድምር» እያልኩ ልቀጥል። አንዲት ጎበዝ ወጣት ባልደረባችን ተጨማሪ እሴት ታክስ ለሚከፈልባቸው ደረሰኞች ከወላጁ የሚወርስ ልጅ ክላስ ጻፈች። የየመስመሩን 15 በመቶ አስልታ ለመደመር «ሊስት ዩቲል» ከተባለው ሞጁል (ተዘጋጅቶ ከተቀመጠ የኮድ ጥቅል) ያንኑ ስም የያዘውን የመደመሪያ ፈንክሽን አስገባች። ታክሱ በትክክል ወጣ። ጠቅላላ ዋጋው በሚታተምበት ቦታ ግን 14 አሃዝ ያለው ቁጥር ተቀመጠ። ፕሮግራሙን እንደገና ስናስኬደው ሌላ ባለ 14 አሃዝ ቁጥር መጣ።

ሁለት ቀን ሙሉ ፈለግን። ዳታቤዙን ጠረጠርን፤ ብርና ሳንቲም የሚያለያየውን ስሌት ፈታትነን ገጠምን። ልጅቷ ጥፋቱ የእርሷ መስሏት ምሳ መብላት እስኪያቅታት ተጨነቀች። እስካሁን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ከጻፈቻቸው መስመሮች መካከል ለብቻው ሲታይ ስህተት ያለበት አንድም አልነበረም።

የሆነው እንዲህ ነው። በፐርል ክላስ ማለት ፓኬጅ ነው፤ እያንዳንዱ ፓኬጅ ደግሞ አንድ የስሞች ሰንጠረዥ አለው። ኔምስፔስ የምንለው ይህን ሰንጠረዥ ነው። ራሳችሁ የጻፋችሁት ሜተድም፣ ከሌላ ሞጁል ያስገባችሁት ፈንክሽንም እዚያው ጎን ለጎን ይሰፍራሉ፤ ቋንቋው ባለቤቱን ከእንግዳው አይለይም። ኦብጀክቱ «ድምር» ተብሎ ሲጠራ ፍለጋው ከልጁ ክላስ ይጀምራል። ስሙ እዚያው ስለተገኘ ወደ ወላጁ መውጣት አላስፈለገም። እንግዳው ፈንክሽን አቤት አለ፤ የተሰጠውን መደመር ሥራው ነውና ኦብጀክቱን ራሱን እንደ ቁጥር ወስዶ ደመረው። በፐርል የኦብጀክት ማጣቀሻ እንደ ቁጥር ሲወሰድ የሚወጣው ኦብጀክቱ በሜሞሪ ውስጥ የተቀመጠበት አድራሻ ነው። ያ ባለ 14 አሃዝ ቁጥር አድራሻ ነበር፤ ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር የተለዋወጠውም ለዚህ ነው።

ቁጥሩ ዋጋ የማይመስል መሆኑ በጀን። ለዓይን የሚመስል ቢሆን ኖሮ ስንት ደረሰኝ ታትሞ በሰው እጅ ይገባ እንደነበር ሳስብ ዛሬም ይከብደኛል።

እኛ እኮ ይህን ነገር ከልጅነታችን እናውቀዋለን። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት አልማዞች ካሉ፣ መምህሩ «አልማዝ!» ሲል ሦስት ድምፅ አቤት ይላል። ስለዚህ ከነአባት ስማቸው ይጠራሉ። ፈንክሽንን ከነሞጁሉ ስም መጥራትም ይኸው ነው። ይረዝማል፤ ጣት ያደክማል፤ ማን እንደተጠራ ግን አያጠራጥርም። እኔ በክላስ ውስጥ አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ የምፈልገውን ፈንክሽን ጨርሶ አላስገባም፤ ከነአባቱ እጠራዋለሁ። ማስገባት ካለብኝም የምፈልገውን አንድ በአንድ ዘርዝሬ ነው። «ፖዚክስ» የተባለውን ሞጁል ያለ ዝርዝር ብታስገቡት በመቶዎች የሚቆጠሩ ስሞች በአንድ መስመር ተግተልትለው ይገባሉ፤ ከእነርሱ አንዱ «አክሰስ» ነው። ወላጅ ክላሳችሁ የተጠቃሚን ፈቃድ የሚያጣራ፣ በዚሁ ስም የተሰየመ ሜተድ ካለው ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። አንድ ኦብጀክት ይህን ወይም ያን ሜተድ ያውቅ እንደሆነ የሚጠይቀው «ካን»ም አያድናችሁም፤ ለገባው እንግዳ ሁሉ «አዎን» የሚል መልስ ይሰጣችኋል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ስቴቫን ሊትል ያወጣው «ሙስ» የተባለው ሞጁል ለብዙዎቻችን ክላስ መጻፍን አቀለለልን። እርሱም ቢሆን ግን «ሃዝ»፣ «ዊዝ»፣ «ቢፎር»፣ «አፍተር» የሚሉ ፈንክሽኖችን ይዞ ወደ ክላሳችሁ ይገባል። መጨረሻው መስመር ላይ «ኖ ሙስ» ብላችሁ ካልሸኛችኋቸው እንደ ሜተድ ሆነው ይቀራሉ። የቀሩትን እንግዶች የሚሸኝ «ኔምስፔስ ኦቶክሊን» የተባለ ሞጁል አለ። መጀመሪያ ሳየው ግራ ገብቶኝ ነበር። ስሙ ከሰንጠረዡ ከተሰረዘ፣ ፈንክሽኑን የሚጠራው የእኔ ኮድ እንዴት ይሠራል? ምስጢሩ ያለው በጊዜው ላይ ነው። የፈንክሽን ጥሪ ገና ኮዱ ኮምፓይል ሲደረግ፣ ማለትም ከመሄዱ በፊት ሲተረጎም፣ ከፈንክሽኑ ጋር ይታሰራል፤ ሜተድ ግን የሚፈለገው ፕሮግራሙ እየሄደ ሳለ ነው። ኮምፓይሉ ካለቀ በኋላ ስሙ ቢሰረዝ የታሰረው አይፈታም፤ ሜተድ ሲፈለግ ግን ስሙ በቦታው የለም። ይህን የተረዳሁ ዕለት ቋንቋውን ከውስጥ ያየሁት ያህል ደስ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው ፐርል 5.38 ወዲህ ደግሞ ሞጁሎች ስሞቻቸውን ወደ ሰንጠረዡ ሳያስገቡ፣ ለጠሪው የኮድ ክልል ብቻ የሚሰጡበት መንገድ ተከፍቷል። አዲስ ሞጁል የምትጽፉ ከሆነ በዚህ መንገድ ሂዱ እላችኋለሁ።

ጃቫስክሪፕት ጸሐፊዎች ከዚህ የባሰ አይተዋል። «ሙቱልስ» የተባለው የቆየ ላይብረሪ (የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ) የቋንቋው ንብረት በሆነው አሬይ፣ ማለትም በዝርዝር መያዣው ላይ፣ «ፍላተን» የሚል የራሱን ሜተድ ተክሎ ነበር። የቋንቋው ደንብ አውጪዎች በዚያው ስም አዲስ ሜተድ ሊጨምሩ ሲነሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በፋየርፎክስ ብራውዘር የሙከራ ቅጂ ላይ ላይብረሪውን የሚጠቀሙ ገጾች ሲበላሹ ተገኙ። በመጨረሻም ሜተዱ «ፍላት» ተብሎ በ2019ኙ ደንብ ውስጥ ገባ። በሰው ግቢ የተተከለ አንድ ስም፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበትን ቋንቋ አስቀየረ። የእናንተ ባልሆነ ክላስ ላይ ሜተድ አትትከሉ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ልመና እንጂ ምክር ብቻ አይደለም የማቀርብላችሁ። በፓይተንም ቢሆን የራሳችሁን ፋይል «ራንደም» ብላችሁ ከሰየማችሁ በኋላ የቋንቋውን «ራንደም» ለማስገባት ብትሞክሩ የምታገኙት የራሳችሁኑ ፋይል ነው።

እኛ ዘንድ ብቻ የሚታይ አንድ ነገር ልጨምር። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የአማርኛ ቃል በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን እያንዳንዱ ፕሮግራመር እንደ ጆሮው ነው የሚያወጣው። ደመወዝን አንዱ በአምስት ፊደል፣ ሌላው በሰባት ፊደል ጽፎት፣ አንድ ክላስ ውስጥ ሁለቱም ሜተድ ሆነው ሲኖሩ አይቻለሁ፤ አንደኛው የተስተካከለ፣ ሌላው የተረሳ። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት እንደነዚህ ያሉ ቃላት እንዴት እንደሚጻፉ በአንድ ገጽ ላይ ተስማሙ።

ያች ልጅ ስህተቱ ከተገኘ በኋላ ክላሱ አቤት የሚልላቸውን ስሞች ሁሉ በወረቀት አትማ አመጣችልኝ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ማናችንም ያላሰብናቸው ነበሩ። ከዚያም «ቴስት ክሊን ኔምስፔስስ» የተባለውን ሞጁል ኮዳችንን ከሚፈትሹት ፈተናዎቻችን ጋር ጨመረችው፤ በየትኛውም ክላስ ውስጥ ያልተሸኘ ስም ከቀረ ፈተናው ይወድቃል። በገባበት ዕለት መጀመሪያ የወደቀው እኔ ከዓመታት በፊት የጻፍኩት ክላስ ነበር። ወንበሯን አጠገቤ አስጠግታ ተቀመጠችና እስከ ማታ ድረስ አብረን አጸዳነው።