ኤክስቴንሽኑ ቆይቶ ዝም የሚለው፣ ዴቭቱልስ ሲከፈት ግን የሚሠራው ለምንድን ነው?

ጥያቄው ባጭሩ፦ የማኒፌስቱ (ኤክስቴንሽኑን ለክሮም የሚያስተዋውቀው ፋይል) ቁጥር ከ2 ወደ 3 ተቀየረ፣ ክሮምም ያለ ስህተት ጫነው። መጀመሪያ ይሠራል። ትንሽ ቆይቶ ግን አይኮኑ ላይ ያለው ቆጠራ ይቆማል፣ አንዳንዴም ወደ 0 ይመለሳል። ዴቭቱልስ (የብራውዘሩ የኮድ መመርመሪያ) ተከፍቶ ሲታይ ደግሞ ምንም ችግር የለበትም።

ወንድሜ፣ መልሱ ጥያቄህ ውስጥ አለ። ዴቭቱልስ ክፍት እስከሆነ ድረስ ክሮም ሰርቪስ ወርከሩን (በማኒፌስት 3 የኤክስቴንሽኑን የጀርባ ኮድ የሚያስኬደውን) አይዘጋውም፤ ለዚህ ነው ልትፈትሽ ስትገባ ችግሩ የሚጠፋው። ስትዘጋው ግን ለ30 ሰከንድ ምንም ኢቨንት (እንደ አይኮን መጫን ወይም ታብ መክፈት ያለ ክስተት) ካልመጣ ወርከሩ ይገደላል። የድሮው ባክግራውንድ ፔጅ ብራውዘሩ እስኪዘጋ ሜሞሪ ላይ ይቆይ ነበር፤ አንተ የቀየርከው ቁጥሩን ብቻ ስለሆነ ኮዱ አሁንም ያንን እየጠበቀ ነው። ወደ 2 ልመለስ አትበል፤ ከክሮም 139 ጀምሮ በድርጅት ፖሊሲ እንኳ አይሠራም።

መጀመሪያ ግሎባል ቫሪያብሎችህን እያቸው። ወርከሩ ሲነሳ ፋይሉ ከላይ ጀምሮ እንደ አዲስ ስለሚሮጥ ቆጠራው 0 የሚሆነው በዚህ ነው። ብራውዘሩ ሲዘጋ ቢጠፋ የማይጎዳውን በክሮም ስቶሬጅ ሴሽን ውስጥ አስቀምጥ፤ 10 ሜጋባይት ይይዛል፣ ዲስክ ላይም አይጽፍም። መቆየት ያለበትን በክሮም ስቶሬጅ ሎካል ውስጥ አድርግ።

ቀጥሎ ሊስነሮቹ፣ ማለትም ኢቨንት ሲመጣ የሚሮጡት ፈንክሽኖች። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ሴቲንጉን ከስቶሬጅ አንብቦ፣ ንባቡ እስኪያልቅ ከሚጠብቀው አዌይት በኋላ ሊስነር የሚመዘግብ ኮድ በማኒፌስት 2 ደህና ይሠራ ነበር። አሁን ግን ወርከሩን የቀሰቀሰው ኢቨንት ሲደርስ ሊስነሩ ገና ስላልተመዘገበ ኢቨንቱ ያልፋል፤ ኤረርም አታይም። ሁሉንም ሊስነር በፋይሉ የላይኛው ደረጃ፣ ከማንኛውም ኮልባክ ውጪ መዝግብ፤ ስቶሬጁን ማንበብ ያለብህ ሊስነሩ ውስጥ ገብተህ ነው።

ሴትኢንተርቫል (በየተወሰነ ጊዜ ኮድ የሚደግመው) ወርከሩ ሲሞት አብሮ ይሞታል፣ ስለዚህ ወደ ክሮም አላርም ቀይረው። ከክሮም 120 ጀምሮ ትንሹ ክፍተት 30 ሰከንድ ነው። ይህ ገደብ ግን ከፎልደር በቀጥታ በተጫነ ኤክስቴንሽን ላይ አይሠራም፤ ስለዚህ በየ5 ሰከንዱ የሚጮኽ አላርም አንተ ጋ ይሠራና ከስቶር ባወረዱት ሰዎች ላይ ይዘገያል።

በየ20 ሰከንዱ አንድ ኤፒአይ እየጠሩ ወርከሩን ማንቃት የሚመክሩህ ይኖራሉ። ወርከሩን ያቆየዋል፣ እኔ ግን አልመክረውም፤ ወርከሩ ክራሽ ካደረገ ወይም ኤክስቴንሽኑ አፕዴት ከሆነ ዳታህ ያው ይጠፋል፣ አንተም ትክክለኛውን ጥገና አዘገየህ ማለት ነው።

የድሮ ተጠቃሚ ካለህ ሎካልስቶሬጅን (ከክሮም ስቶሬጅ የተለየውን፣ የድሮው ባክግራውንድ ፔጅ ዳታ ያስቀምጥበት የነበረውን) አትርሳ። ሰርቪስ ወርከር ሊያነበው አይችልም፤ ዳታው ግን አልጠፋም። ኦፍስክሪን ዶክዩመንት የሚባለውን የማይታይ ገጽ ከፍተህ (ከክሮም 109 ጀምሮ አለ) አንብበውና ወደ ክሮም ስቶሬጅ አዛውረው። ይህን ካላደረግክ ሰዎቹ አፕዴት ባደረጉ ማግስት ሴቲንጋቸው ባዶ ይሆንባቸዋል።

ድረ ገጾች የሚልኩትን ሪኩዌስት የምታግድ ከሆነ ሥራው ይሰፋል። ዌብሪኩዌስት የሚባለው ኤፒአይ አሁንም ማየት ይችላል፣ ማገድ ግን በድርጅት ፖሊሲ ለተጫኑ ኤክስቴንሽኖች ብቻ ነው የቀረው። ለሌላው ሰው የማገጃ ሕጎቹ አስቀድመው ተጽፈው ለብራውዘሩ ይሰጣሉ። ከኤክስቴንሽኑ ጋር በፋይል ለሚመጡ ሕጎች 30,000 ዋስትና አለህ፤ ከዚያ በላይ ያለው ከሌሎች ኤክስቴንሽኖች ጋር ከምትጋራው 300,000 ይወሰዳል። እየሠራ ሳለ የሚጨመሩትም እስከ 30,000 ይደርሳሉ፣ ሪዳይሬክትና ሄደር የሚቀይሩት ግን ከ5,000 አይበልጡም። በሬጌክስ (የጽሑፍ ቅርጽ መፈለጊያ) የሚጻፉት 1,000 ብቻ ናቸው፣ ሉክአሄድ የሚባለውን የሬጌክስ አጻጻፍም አይቀበልም። እየሠራ የምትጨምራቸው ሕጎች በአንድ ላይ ስለሚገቡ፣ ከ200ው አንዱ ሬጌክስ ከተበላሸ 200ውም አይገቡም። ስለዚህ እያንዳንዱን በመፈተሻው ፈንክሽን አሳልፈህ አስገባ።

ፋየርፎክስ ላይም የምታወጣ ከሆነ ሌላ ዓለም ነው፤ በዌብሪኩዌስት ማገድን በማኒፌስት 3 ውስጥም እንዳለ ጠብቆታል፣ ባክግራውንዱንም በሰርቪስ ወርከር ሳይሆን በስክሪፕት ነው የሚያስነሳው። ሰርቪስ ወርከሩንም ስክሪፕቱንም አንድ ማኒፌስት ላይ ጻፍ፤ ከሥሪት 121 ጀምሮ እያንዳንዱ ብራውዘር የራሱን ወስዶ ሌላውን ይተዋል።

ስትፈትሽ ዴቭቱልሱን ዝጋ። የኤክስቴንሽኖቹን ገጽ ከፍተህ ወርከሩ ኢንአክቲቭ እስኪል ጠብቅ፣ ከዚያ አይኮኑን ተጫን ወይም አዲስ ታብ ክፈት። መጠበቅ ከሰለቸህ የሰርቪስ ወርከር ኢንተርናልስ ገጽ ላይ ስቶፕ የሚል በተን አለ። ከዚያ በኋላም ቆጠራው ከቆመበት ካልቀጠለ የባክግራውንድ ፋይሉን እዚሁ ለጥፈው፣ እናየዋለን።