ቱቦው ካምቢዮ ውስጥ ሲያዝባችሁ፦ በጀልባ ሞተር ሙያ ለጀመራችሁ

ልጆቼ፣

ከጀልባ ሞተር ጋር የምትውሉ ከሆነ ይህ አንድ ቀን ይገጥማችኋል። የካምቢዮውን፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑን፣ ዘይት ልትቀይሩ ቀጭኑን የፕላስቲክ ቱቦ በዲፕስቲኩ (በዘይት መለኪያው ዘንግ) ቀዳዳ ታስገባላችሁ፤ በፓምፕ ትስባላችሁ፤ ዘይቱ ያልቃል። ቱቦውን ላውጣ ስትሉ ግን ትንሽ ይመጣና ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ እጃችሁ ጠበቅ አድርጎ ለመጎተት ይቸኩላል። እኔ የምለምናችሁ በዚያች ቅጽበት እጃችሁን እንድትሰበስቡ ነው። ምን እንደያዘው ሳታውቁ አትጎትቱ።

መኪና ቢሆን ኖሮ ከስር ገብታችሁ ታፖውን (የማፍሰሻውን ክዳን) ትፈቱና ዘይቱን ታፈሱት ነበር። ጀልባ ላይ ግን ካምቢዮው የጀልባውን ወለል ሊነካ ምንም አይቀረው፤ ማፍሰሻ ቢኖረውም ስሩ ሳህን የሚገባበት ቦታ አይገኝም። የፈሰሰው ዘይት ደግሞ ከጀልባው ሆድ ውስጥ ካለው ውሃ ጋር ይቀላቀልና የውሃ ማውጫው ፓምፕ ወደ ውጭ ይተፋዋል። ስለዚህ ዘይቱ ከላይ ይሳባል።

ቱቦው የሚያዝበት ምክንያት የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ዘይቱን ወደ ቱቦው የሚገፋው የአየር ግፊት ስለሆነ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ፓምፕ ብትገዙ ከ1 ባር ገደማ በላይ ጉልበት አታገኙም። የቱቦው የውስጥ ዲያሜትር በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ የሚያልፈው ዘይት በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፤ ወደ 1/16 ነው የሚወርደው። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ ቀዳዳው የሚችለውን ያህል ወፍራም ቱቦ የሚያስገባው። ዘይቱ እንዲቀጥንም አስቀድሞ ሞተሩን ያሞቃል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አልነቅፋቸውም። ግን ወፍራሙ ቱቦ ቀዳዳውን ሞልቶ ይገባል፣ ትኩሱ ዘይት ደግሞ ፕላስቲኩን ያለሰልሰዋል። የለሰለሰ ቱቦ የካምቢዮውን ወለል ሲነካ ይታጠፋል፤ እናንተ ገፋ ባደረጋችሁት ቁጥር በማርሾቹ መካከል መንገድ ይፈልጋል። ስትጎትቱት መንጠቆ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ጫፉ በሰያፍ የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ ያ ሹል ከንፈር የቀዳዳው የውስጥ ጠርዝ ላይ ይሰካል።

እንግዲህ ሲያዝ ከሁሉ በፊት ፓምፑን ነቅላችሁ የመሳቡን ጉልበት ልቀቁ። ጫፉ ወለሉን ወይም ግድግዳውን መጥጦ ከሆነ የያዘው፣ አየር ሲገባበት በራሱ ይለቃል። ቀጥሎ የሞተሩን ቁልፍ ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ፣ ባትሪውንም ዝጉ። ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላም ነገር አለ፤ ጀልባው ወራጅ ውሃ ላይ ታስሮ ከሆነ ውሃው ፕሮፔለሩን ሊያዞረው ይችላል። ፕሮፔለሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ትንሽ ከዞረ ማርሹ ቱቦውን ይበልጥ ይውጠዋል። ዘንጉን በገመድ እሰሩት።

ከዚያ ጠብቁ። ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ፕላስቲኩ ይጠነክራል፣ በትንሹም ይኮማተራል፤ ትኩስ እያለ እንቢ ያለ ቱቦ ቀዝቅዞ በሁለት ጣት ሲወጣ አይቻለሁ። እየጠበቃችሁ ቱቦው ላይ ቀዳዳው አፍ ጋ ቴፕ ለጥፉ። ቴፑ ከፍ ሲል ቱቦው እየመጣ ነው ብላችሁ ግን አትደሰቱ፤ ፕላስቲክ ይለጠጣል። ከቴፑ በታች ያለውን ቦታ በባትሪ ብርሃን ተጠግታችሁ እዩት። መጀመሪያ ነጣ ይላል፤ ከዚያ ወገቡ ይሰልላል። ንጣት ካያችሁ ወዲያው አላሉት፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መበጠስ ነው።

አሁን እጃችሁ ይጠይቅ። ቱቦውን መጀመሪያ ወደ ውስጥ ትንሽ ግፉት፣ ሩብ ያህል አዙሩት፣ ከዚያ በቀስታ ሳቡት። የሚዞር ሆኖ የማይወጣ ከሆነ ጠርዝ ላይ ተሰክቷል ማለት ነው። ስትለቁት እንደ ስፕሪንግ ወደ ውስጥ የሚመለስ ከሆነ ታች ተጠምጥሟል። ጨርሶ የማይዞር ከሆነ ደግሞ ማርሽ ነክሶታል። ከዚህ በኋላ የምትሠሩት ሁሉ የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው፤ ስለዚህ እስኪገባችሁ ደጋግማችሁ ሞክሩት።

ጠርዝ ለያዘውና ለተጠመጠመው ቱቦ ቀጥ ያለ ጠንካራ ሽቦ ይበቃል። የሽቦውን ጫፍ በሞረድ አለዝቡ፣ ከቱቦው ርዝመት እንዳያልፍ ምልክት አድርጉበት፣ በቱቦው ውስጥ አስገቡት። ቱቦው ሲቀና ጫፉ ከያዘው ነገር ይላቀቃል። ንጹህ የካምቢዮ ዘይት በቱቦው ዙሪያ ማንጠባጠብም ይረዳል፤ ሌላ ማለስለሻ ግን አትጨምሩ፣ ውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖች (ተጣብቀው ኃይል የሚያስተላልፉት ሳህኖች) ከተወሰነላቸው ዘይት ሌላ አይወዱም።

ማርሽ የነከሰው ሲሆን ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ካምቢዮው ፎሌ ላይ ይሁን፣ ማለትም ማርሽ አይግባ። አንዱ ቱቦውን ሳይጎትት ብቻ ወጠር አድርጎ ይያዝ፤ ሌላው ያሰራችሁትን ገመድ ፈትቶ ዘንጉን በእጁ ወዲያና ወዲህ በጣም በጥቂቱ ያንቀሳቅስ። የቱ አቅጣጫ እንደሚለቀው አስቀድማችሁ አታውቁም፤ በአንዱ ከጠበቀ ወዲያው ወደ ሌላው ተመለሱ። ጥርሱ ሲለቅ ቱቦውን የያዘው ሰው በጣቱ ያውቀዋል።

ቢበጠስስ? አሁን ነው ሙያ የሚለየው። የወጣውን ከሙሉ ርዝመቱ ጋር አስተያይታችሁ ስንት እንደቀረ እወቁ። ጫፉ ከላይ ከታየ በረጅም አፍ ፒንሳ ያዙት፤ ፒንሳው ካልደረሰ በቱቦው ቀዳዳ የሚጠብቅ ቀጭን ብሎን ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ አስራችሁ ወደ ውስጥ ሳትገፉ አዙሩበትና ሳቡት። ጨርሶ ካልታየ የካምቢዮው ክዳን ይከፈታል፤ ሌላ መንገድ የለም።

እዚህ ላይ የሚነገራችሁን አውቃለሁ። «ፕላስቲክ አይደል፣ ማርሹ ፈጭቶ ይጨርሰዋል፤ ዘይቱን ሙላና ዝጋው።» ይህን ከባለቤትም ከአለቃም ሰምቻለሁ፤ እባካችሁ አትስሙት። በሃይድሮሊክ በሚሠራ ካምቢዮ ውስጥ ዘይት የሚስብ ፓምፕ አለ፣ ከፓምፑ በፊት ወንፊት አለ። ቁራጩ ወንፊቱ ላይ ከተለጠፈ ግፊቱ ይወርዳል፣ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ተንሸራትቶም ይቃጠላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው እናንተ ፊት አይደለም፤ ጀልባው ከባሕር ዳርቻ ርቆ፣ ነፋስ ወደ ድንጋዩ እየገፋው፣ ሰው ማርሽ አስገብቶ ጀልባው አልሄድ ሲለው ነው። ትናንሾቹ ሜካኒካል ካምቢዮዎችም ቢሆኑ አንዳንዶቹ የሚይዙት ዘይት 0.3 ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ በዚያች ጠባብ ቦታ ቁራጭ ከማርሽና ከኩሽኔታ ወዴት ይሸሻል?

አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ልጅ ቱቦ ተበጥሶበት ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ሄዶ ለባለቤቱ ነገረው። ሰውየው ለጉዞ ተዘጋጅቶ ነበርና ፊቱ ጠቆረ። ልጁ ግን ክዳኑን ከፈተ፣ ቁራጩን ከወንፊቱ አፍ አነሳ፣ ጓርኒሲዮኑን (የክዳኑን ማሸጊያ) ለውጦ ዘጋ። የጉዞው ቀን ቀረ። እኔ በዚያ ልጅ እስከ ዛሬ እኮራለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ባሕር ላይ ግን የፈሰሰው ሁሉ አይለቀምም።

ቱቦው በደህና ሲወጣ ጫፉን እዩት፤ የያዘውን ይነግራችኋል። ጥርስ ነክሶት ከሆነ ጠፍጣፋ ጠባሳ አለው፤ ጠርዝ ከሆነ በአንድ ጎኑ ረጅም ጭረት ታያላችሁ። ለሚቀጥለው ጊዜ ናይለን ቱቦ ያዙ፣ ሙቀት ይችላል። ጫፉን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ጠርዙን አለዝቡ፣ ወለሉን እንዳይመጥ ጎኑ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ብሱ። የጥቅልሉ ጥምዝ ካለበት ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አቅኑት። ከዲፕስቲኩ ርዝመት ጋር ለክታችሁ ቴፕ ለጥፉበት፤ ወለሉን ሲነካ ደግሞ መግፋት ይቁም። ዘይቱ ለብ ይበል እንጂ አይፋጅ። የሳባችሁት ዘይት እንደ ወተት ነጥቶ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል፤ ብዙ ጊዜም የሚገባው በማቀዝቀዣው በኩል ነው፣ እሱን ሳታዩ አዲስ ዘይት አታባክኑ።

ስትሞሉ የካምቢዮው መመሪያ መጽሐፍ የሚለውን ዘይት ሙሉ። አንዱ ቀዩን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይፈልጋል፣ ሌላው የሞተር ዘይት፤ በመልክ አትገምቱ። ልኬቱም ይለያያል፤ ዲፕስቲኩ ሳይጠብቅ፣ አፉ ላይ ብቻ ተቀምጦ የሚነበብባቸው ካምቢዮዎች አሉ፤ እነሱን አጥብቃችሁ ብትለኩ የተሞላ መስሎ ጎድሎ ይቀራል። ከሞላችሁ በኋላ ሞተሩን ፎሌ ላይ ትንሽ አሠርታችሁ አጥፉና መጽሐፉ እንደሚያዘው እንደገና ለኩ። የወጣውን ቱቦም በዚያው ቀን አትጣሉት፤ ባለቤቱ ሲመጣ ጫፉ ሙሉ መሆኑን በዓይኑ እንዲያይ አቆዩለት።