የት ገጽ ላይ ናችሁ?

ለሐዋሳ ወጣት አንባቢዎች

ልጆቼ፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በየሳምንቱ መጨረሻ እየተገናኛችሁ «አሁን ምን እያነበብክ ነው? ሰሞኑን ምን ጨረስሽ?» መባባል መጀመራችሁ፣ ዕድሜውን በቤተ መጻሕፍት ሥራ ለፈጀ ሰው ትልቅ የምሥራች ነው። ይህን የምጽፍላችሁም እንዲቀጥልላችሁ ስለምፈልግ ነው። የንባብ ክበብ ሲጀመር ይሞቃል፤ ሁለት ሦስት ወር ሲሆነው አባላቱ መንጠባጠብ ይጀምራሉ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የመጽሐፍ እጦት አይደለም፤ ጨዋታው ከመጽሐፉ እየወጣ ስለሚሄድ ነው። አንዱ «በጣም ቆንጆ መጽሐፍ ነው» ይላል። ሌላዋ «አዎ፣ ሲያወሩለት ሰምቻለሁ» ትላለች። ከዚያ ወሬው ወደ ኳስና ወደ ቤት ኪራይ ይዞራል። ያነበበውም ያላነበበውም እኩል ሲናገር፣ ያነበበው ሰው ለምን እንደደከመ ግራ ይገባዋል።

ስለዚህ አንድ ልማድ አደራ እላችኋለሁ፤ ስለ መጽሐፍ ስትናገሩ ገጽ ጥቀሱ።

«እያነበብኩ ነው» የሚል ሰው በመጀመሪያ የመጽሐፉን ርዕስ፣ የደራሲውን ስም፣ የታተመበትን ዓመትና ስንተኛ እትም እንደሆነ ይናገር። ከዚያ ቁጥሩን ይንገረን፤ «340 ገጽ ካለው 112ኛው ላይ ነኝ»። ቀጥሎ ባለፉት ሃያ ሠላሳ ገጾች ያገኘውን በራሱ አንደበት ያስረዳ፤ በመጨረሻም የወደደውን ወይም ያልገባውን አንድ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ ያንብብ። ሁሉም አራት ደቂቃ ይበቃዋል። የዓረፍተ ነገሩን ንባብ ጊዜ አጠረ ብላችሁ አትዝለሉት። የደራሲው አማርኛ ምን ዓይነት እንደሆነ ለሰሚው የሚነግረው እሱ ነው፤ ይዘቱን አሳጥሮ በመተረክ ይህ አይገኝም።

ቁጥሩ ሁለት ጥቅም አለው። መጽሐፉን ቀድሞ የጨረሰ ሰው ከገጽ 112 በኋላ ያለውን እንዳይናገር ድንበሩን ያውቃል። ሁለተኛ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ያው 112 ከሆነ ማንም ሳይወቅስ «ምን ያዘህ?» የሚለው ጥያቄ በራሱ ይመጣል። የሚያዘው ነገር ደግሞ በአብዛኛው የታወቀ ነው። በልብ ወለድ የገጸ ባሕርያት መብዛት ያስቸግራል። ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ የእያንዳንዱን ስም፣ የማን ልጅ ወይም የማን ባል እንደሆነ፣ መጀመሪያ የታየበትንም ገጽ ጻፉ፤ ወረቀቷ ራሷ ዕልባት ትሆናችኋለች። በቆየ አማርኛ በተጻፈ መጽሐፍ ቃላት ያስቸግራሉ። በየቃሉ መዝገበ ቃላት መግለጥ ንባብን ይገድላል። በእርሳስ ነጥብ አድርጋችሁ እለፉ፤ ምዕራፉ ሲያልቅ ስትመለሱ ብዙዎቹ በዐውዳቸው ተፈትተው ታገኟቸዋላችሁ፤ የቀሩትን ፈልጉ ወይም ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ሌላው ሰዓቱ ነው። ከምሽቱ አምስት ሰዓት አልጋ ላይ ተጋድሞ የሚነበብ ገጽ በማግስቱ እንደገና መነበቡ ስለማይቀር፣ ቁጥሩ ቢጨምርም ንባቡ አይራመድም።

ፍጥነታችሁን ሳታውቁ ቀን አትቁረጡ። ሰዓት ይዛችሁ 20 ደቂቃ በለመዳችሁት አኳኋን አንብቡና ገጹን ቁጠሩ። 10 ገጽ ከሆነ በቀን 40 ደቂቃ 20 ገጽ ያስኬዳችኋል፤ 300 ገጽ በ15 ቀን ያልቃል ማለት ነው። ክበባችሁን በየሁለት ሳምንቱ እንዲሆን የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው። በየሳምንቱ ሲሆን ብዙ ሰው የሚያወራው አዲስ ነገር ሳይኖረው ይመጣል፤ በወር ሲሆን ደግሞ ያነበበው ይጠፋበታል። የታሪክ፣ የፍልስፍና ወይም የሳይንስ መጽሐፍ ግን በልብ ወለድ ፍጥነት አይለካም፤ ለብቻው ለኩት።

«ጨረስኩ» የሚለው ከዚህ ይከብዳል፤ ብዙ ጥንቃቄም የሚፈልገው እሱ ነው።

የመጨረሻውን ገጽ በዘጋችሁበት ዕለት ስለ መጽሐፉ አትናገሩ። ያን ዕለት የሚናገረው መጨረሻው የፈጠረባችሁ ስሜት ነው፤ መጨረሻው ካስለቀሰ መጽሐፉ ሁሉ ግሩም ይመስላል፣ ካናደደ ሁሉም ከንቱ ይመስላል። ሁለት ሌሊት እደሩበት። ከዚያ መጽሐፉን ሳትገልጡ ግማሽ ገጽ ጻፉ፤ ስለማን ነው፣ ምን ተፈጠረ፣ ደራሲው የሚጨነቅበት ጉዳይ ምንድን ነው፣ እናንተን የት ላይ አሳመናችሁ፣ የትስ ላይ አላሳመናችሁም? ጽፋችሁ ስትጨርሱ መጽሐፉን ግለጡና አመሳክሩ። የተሳሳተ ስም፣ ቦታውን የለወጠ ክስተት፣ ከሰው የሰማችሁትና በመጽሐፉ ውስጥ ጭራሽ የሌለ ነገር ታገኛላችሁ። አትደንግጡ፤ ማስታወስ እንዲህ ነው። ያልተመሳከረ ነገር ይዞ ክበብ መግባት ግን ሌላውንም ያሳስታል።

ከስሕተቶች ሁሉ በብዛት የሚታየው የገጸ ባሕርይን ንግግር የደራሲው እምነት አድርጎ መውሰድ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እዩ። የፊታውራሪ መሸሻን የዘር ኩራት ጠቅሶ «ሐዲስ ዓለማየሁ ባላባትነትን ያወድሳል» የሚል አንባቢ ቢነሳ፣ በዚያው መጽሐፍ ጉዱ ካሣ ያንኑ ሥርዓት ሲነቅፍ የሚናገረውን ምን ሊያደርገው ነው? እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሳ ድምፅ ከፍ ማድረግ አያስፈልግም። «የት ገጽ ላይ? ማን ነው የሚናገረው? ለማን ነው የሚናገረው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሁላችሁም ያንን ገጽ ገልጣችሁ ከላይና ከታች ያለውን አንድ አንድ አንቀጽ ጨምራችሁ አንብቡት። ብዙ ጊዜ ጭቅጭቁ እዚያው ያልቃል። ካላለቀ ደግሞ እውነተኛ ልዩነት አላችሁ ማለት ነው፤ ከዚህ የተሻለ የክበብ ሰዓት አይገኝም።

ይህንኑ መጽሐፍ በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ብቻ የሚያውቁት ብዙዎች ናቸው። መስማትም ንባብ ነው ብላችሁ ተቀበሉ፤ ነገር ግን «ሰማሁት» ብላችሁ መዝግቡ። ተራኪው ድምፁን በሚያነሳበትና በሚጥልበት ቦታ የገጸ ባሕርዩን ጠባይ እሱ ወስኖላችኋል። ለራሱ ያነበበ ሰው ያንኑ ንግግር በሌላ ስሜት ሊያገኘው ይችላል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማነጋገር ክበቡን በጣም ይጠቅመዋል።

መጨረሻውን መናገርን በተመለከተ፣ ልብ ወለድ ከሆነ እስከ ሢሶው ድረስ በነፃነት አውሩ። ከዚያ በላይ ለመሄድ «የሚያነበው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አንድ ሰው እንኳ እጁን ካወጣ አቁሙ። ለታሪክና ለግለ ታሪክ ይህ አያስፈልግም።

ሦስተኛ ቃልም ይኑራችሁ፤ «ተውኩት»። ይህን ቃል ማፈር ያስቀረዋል፤ ሲቀር ደግሞ ሰዎች ያልጨረሱትን ጨረስን እያሉ መምጣት ይጀምራሉ። 50 ገጽ፣ አጭር መጽሐፍ ከሆነ አንድ አምስተኛውን ታግሳችሁ ካነበባችሁ በኋላ መተው ነውር የለውም። የተዋችሁበትን ገጽና ምክንያቱን ግን ተናገሩ። «ገጽ 61 ላይ ተውኩት፤ ንግግሮቹ ሁሉ በአንድ ሰው አፍ የተነገሩ ይመስላሉ» የሚል አስተያየት ከአሥር «ቆንጆ ነው» ይበልጣል። ምናልባትም ሌላው አባል ያንኑ ለማጣራት ብሎ መጽሐፉን ይወስደዋል።

አሁን ስለ መዝገቡ። አንድ ወፍራም ደብተር ይበቃል። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ርዕሱን፣ ደራሲውን፣ ትርጉም ከሆነ ተርጓሚውን፣ የታተመበትን ዓመት፣ የአንባቢውን ስም፣ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ቀን፣ ከሥር ደግሞ አንድ ጥቅስ ከነገጹ ጻፉ። ተርጓሚውን መርሳት በደል ነው። ማርጋሬት ሚሼል እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳተመችውን ልብ ወለድ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ተርጉሞታል። ያንን መጽሐፍ አንብቦ የነቢይን ስም የማይጠራ ሰው ያነበበውን አማርኛ ማን እንደጻፈው አላወቀም።

ዓመቱ ላይ ተጠንቀቁ። «ዓ.ም.» ብቻ ካለ የእኛ ነው፤ «እ.ኤ.አ.» ካለ የአውሮፓውያን። ልዩነቱ ከመስከረም ጀምሮ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እስኪገባ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። ሁለቱን ደባልቆ የጻፈ መዝገብ የትኛው መጽሐፍ ቀድሞ እንደወጣ ያምታታል። ስምም እንዲሁ፤ የኢትዮጵያ ደራሲ በራሱ ስም ይመዘገባል፣ የውጭው በቤተሰብ ስሙ። ሐዲስ ዓለማየሁን በ«ሐ»፣ ማርጋሬት ሚሼልን በ«ሚ» ፈልጉ። ሀ፣ ሐ እና ኀን በአንድ ገጽ፣ ሰ እና ሠን በአንድ ገጽ፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀንም እንደዚሁ አንድ ላይ አድርጉ፤ አጻጻፉ ግን ሽፋኑ ላይ እንዳለው ይሁን። በስልክ ስትፈልጉም መጽሐፉ ካልወጣላችሁ የለም ከማለታችሁ በፊት በሌላኛው ፊደል ሞክሩ።

ሐዋሳ የአንድ ቋንቋ ከተማ አይደለችም፤ ክበባችሁም መሆን የለበትም። በሲዳሙ አፎ፣ በወላይትኛ፣ በእንግሊዝኛ የሚያነብ ካለ ጥቅሱን መጀመሪያ በራሱ ቋንቋ ያንብበው፣ ከዚያ በአማርኛ ያስረዳ። ሲዳሙ አፎ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ በመዝገቡ ርዕሱን እንደታተመው ጻፉት። ወደ ግዕዝ ፊደል የተገለበጠ ርዕስ ኋላ ሲፈለግ አይገኝም።

በቴሌግራም የሚዞረው ፒዲኤፍ ሁለት ጉዳት አለው። ዋናው፣ ያለ ፈቃድ ስካን ተደርጎ የሚሰራጭ መጽሐፍ ለደራሲው አንድ ሳንቲም አያስገባም፤ በራሱ ገንዘብ ያሳተመ ደራሲ ሁለተኛውን መጽሐፍ እንዳያወጣ ያደርጋል። ለክበባችሁ ደግሞ፣ ስልኩ የሚያሳየው ቁጥር ሽፋኑንና መግቢያውን ስለሚጨምር ከታተመው ገጽ ጋር አይገጥምም። የተለያየ እትም ስትይዙም እንዲሁ ይለያያል። ስለዚህ ገጹን ከምዕራፉ ጋር ጥቀሱ። አራት አምስት ሆናችሁ አዋጥታችሁ አንድ ቅጂ መግዛት ይቻላል።

ተዋውሳችሁ ስታነቡ ቀነ ገደቡ ሁለት ስብሰባ፣ ማለትም 28 ቀን ይሁን። የሰጪው፣ የተቀባዩ፣ የመመለሻው ቀን፣ የመጽሐፉም ሁኔታ ይጻፍ፤ የተዋሳችሁትን ለሦስተኛ ሰው አታውሱ። መጽሐፍ የሚጠፋው በሦስተኛው እጅ ነው። በኮላ ብቻ የተጠረዘ አዲስ መጽሐፍ ከመካከሉ ገልጣችሁ ብትለጥጡት ጀርባው ይሰነጠቃል፣ ገጾቹ ይረግፋሉ። ጀርባውን ጠረጴዛ ላይ አቁሙና ከፊት ጥቂት ገጽ፣ ከኋላ ጥቂት ገጽ እያላችሁ በጣት ቀስ ብላችሁ እየተጫናችሁ ወደ መካከሉ ድረሱ። የረገፈውን በፕላስተር አትለጥፉ፤ ቢጫ ይሆናል፣ ወረቀቱንም ይበላዋል። ነጭ ኮላ በቀጭኑ ቀብታችሁ ከባድ ነገር ጫኑበትና አሳድሩት። ዝናብ የመታውን ደግሞ ፀሐይ ላይ አታስጡት። ጥላ ሥር አቁማችሁ በገጾቹ መካከል ንጹሕ ወረቀት አድርጉና እየቀያየራችሁ አድርቁት።

ቦታና ሰዓት ቀላል ይመስላል፤ ክበብ የሚፈርስበት ግን እዚህ ጋ ነው። ሐይቁ ዳር ያለው አሞራ ገደል ለእሑድ መዝናኛ እንጂ ለንባብ አይሆንም፤ ሰው ይበዛል፣ ጦጣዎቹ ቦርሳ ይፈትሻሉ። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ገጽ አያስገልጥም። ፒያሳ ያሉ ካፌዎች ሙዚቃ ያበዛሉ፤ ቡና የሚከፍልበት የሌለውም ልጅ ቀስ ብሎ ይቀራል። የትምህርት ቤት ክፍል ወይም የአንዳችሁ ግቢ ጥላ ይሻላል። እሑድ ጠዋት ብዙ ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በፈረቃ የሚሠሩም አሉ። ስለዚህ እሑድ ከቀኑ 9፡00 እስከ 10፡30 አድርጉት። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለገብርኤል በዓል ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ ወደዚያ ሰሞን የሚጠጋ ስብሰባ አትያዙ። የሲዳማ አዲስ ዓመት የፍቼ ጨምበላላ ቀን በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ታላላቆችን ጠይቃችሁ ወስኑ።

ስምንት ሰው ጥሩ ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ 4 ደቂቃ ንግግርና 4 ደቂቃ ጥያቄ ሲሰጥ 64 ደቂቃ ይሆናል፤ የቀረው ለሰላምታ፣ ለመዋዋስና ለመዝገቡ ይበቃል። ከአሥር ካለፋችሁ ለሁለት ተከፈሉ፤ አለዚያ ዝምተኞቹ ተራ ሳይደርሳቸው ይበተናል። መጀመሪያ «እያነበብኩ ነው» የሚሉት ይናገሩ፣ «ጨረስኩ» የሚሉት ይከተሉ፤ የጨረሱት ከቀደሙ ጊዜውን ይወስዱታል። ደብተሩን የሚይዘው በየሁለት ወሩ ይቀየር፤ የሚረከበውም ከመረከቡ በፊት ያልተመለሱትን መጻሕፍት ከነተበዳሪዎቻቸው ስም ለሁሉም ያንብብ።